የጥራት፣ የአካባቢና የደኅንነት ሥርዓቶችን በአንድ ለመዘርጋት የሚያገለግል የአሠራር መመሪያ፦ በቆዳ ፋብሪካ ምሳሌ

ከውጭ ገዥ ጥያቄ ቀርቦላቸው በጥራት ደረጃው በአይ.ኤስ.ኦ 9001 ላይ የአካባቢውን 14001ንና የሥራ ላይ ደኅንነቱን 45001ን ለመጨመር የተነሡ የጥራት ክፍል ኃላፊዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ሦስቱን ሥርዓቶች ለየብቻ እንዘርጋ ወይስ በአንድ፣ በአንድ ከሆነስ ከየት እንጀምር? ለእያንዳንዱ ጠያቂ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ በቅደም ተከተል ጽፌ ማስቀመጡን መርጫለሁ። አጭሩ መልስ «በአንድ ዘርጉ፤ መነሻችሁም የሰነድ መደርደሪያው ሳይሆን ሦስቱም ጉዳዮች በአንድ ጊዜ የሚነሡበት የሥራ ቦታ ይሁን» የሚል ነው።

ለምሳሌነት የወሰድኩት የቆዳ ፋብሪካን ነው። ጥሬ ቆዳና ሌጦ ተቀብሎ ዌት ብሉ (በክሮም ለፍቶ ገና ያልደረቀ ቆዳ) የሚያወጣ ፋብሪካ፣ በአንድ ድራም (ቆዳው ከኬሚካል ጋር በሚሽከረከርበት ትልቅ በርሜል) ዙሪያ የምርት ጥራት፣ የፍሳሽና የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሚገናኙበት ነገሩን በግልጽ ለማሳየት ይመቻል። የምትሠሩት በጨርቃ ጨርቅ ወይም በቢራ ፋብሪካ ከሆነ የኬሚካሉንና የማሽኑን ስም በራሳችሁ ተኩ፤ እርምጃዎቹ አይለወጡም።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የሦስቱ ደረጃዎች ሙሉ ቅጂ። እዚህ የምጠቅሳቸው የአንቀጽ ቁጥሮች ከ9001:2015፣ ከ14001:2015 እና ከ45001:2018 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተወሰዱ ናቸው። ደረጃዎች ስለሚከለሱ ከመግዛታችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለው እትም የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሦስቱም የወጣውን የአየር ንብረት ለውጥ ማሻሻያም አብራችሁ ያዙ።
• ፋብሪካውን የሚመለከቱ አዋጆች፣ ደንቦችና ፈቃዶች።
• ያለፈው አንድ ዓመት መዛግብት፦ የደንበኛ ቅሬታ፣ የተመለሰ ምርት፣ የአደጋ መዝገብ፣ የክሊኒክ መዝገብ፣ የውኃና የመብራት ፍጆታ፣ የፍሳሽ የላቦራቶሪ ውጤት።
• በመጋዘን ላለው ለእያንዳንዱ ኬሚካል ከአቅራቢው የተሰጠ የደኅንነት መረጃ ቅጽ።
• የፋብሪካው ንድፍ፣ ከመሬት በታች ያሉት የፍሳሽ መስመሮች ጭምር። በብዙ ፋብሪካዎች ይህ ንድፍ ወይ የለም ወይ ከእውነታው ጋር አይገጥምም፤ ካልገጠመ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።
• ከምርት፣ ከጥገና፣ ከፍሳሽ ማጣሪያ፣ ከመጋዘን፣ ከግዥና ከሰው ኃይል የተውጣጣ ቡድን፣ ከሠራተኛው የተመረጠ ተወካይም ያለበት።
• ኮምፒውተርና ኤክሴል። ውድ ሶፍትዌር በዚህ ደረጃ አያስፈልግም፤ ያልጠራ አሠራር በሶፍትዌር ውስጥ ሲገባ ለማረም ይበልጥ ይከብዳል።

ለመካከለኛ ፋብሪካ አንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ያዙ። በሦስት ወር እናስጨርሳችኋለን የሚል አማካሪ የሚሰጣችሁ ወረቀት ነው።

እርምጃ 1፦ ወሰኑንና ኃላፊነቱን በጽሑፍ አስፍሩ

ዋና ሥራ አስኪያጁ ሦስቱ ሥርዓቶች በአንድ እንደሚመሩ፣ አስተባባሪው ማን እንደሆነና ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ በፊርማው ያሳውቅ። በ9001 የ2015 እትም «የአመራር ተወካይ» የሚለው ግዴታ የቀረው ኃላፊነቱ ከአመራሩ ትከሻ ላይ እንዳይወርድ ስለሆነ፣ አስተባባሪ መመደብ የሥራ አስኪያጁን ተጠያቂነት አያስቀርም።

ወሰኑ ለሦስቱም አንድ ይሁን። ፍሳሽ ማጣሪያውን፣ ቦይለሩን፣ የኬሚካል መጋዘኑንና በግቢው ውስጥ የሚሠሩ የተቋራጭ ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ አታድርጉ፤ ከባዱ አደጋ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

እርምጃ 2፦ የሚዋሃደውንና ለብቻው የሚቆየውን ለዩ

ሦስቱም ደረጃዎች ከአንቀጽ 4 እስከ 10 ድረስ በአንድ ዓይነት አደረጃጀት የተጻፉ ናቸው፦ አውድ፣ አመራር፣ ዕቅድ፣ ድጋፍ፣ ትግበራ፣ ምዘና፣ መሻሻል። ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ አዘጋጅታችሁ ንዑስ አንቀጾቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና በየረድፉ አሁን ምን እንዳላችሁ ሙሉ።

ሠንጠረዡ ሲሞላ የሰነድ ቁጥጥር፣ ሥልጠናና ብቃት፣ የመለኪያ መሣሪያ ካሊብሬሽን (መሣሪያው በትክክል መለካቱን መፈተሽ)፣ የውስጥ ኦዲት፣ የማስተካከያ እርምጃና የአመራር ግምገማ ያለ ችግር ወደ አንድ እንደሚመጡ ታያላችሁ። ለምሳሌ የፒክል (ቆዳው ክሮም ከመግባቱ በፊት በአሲድና በጨው የሚነከርበት ሥራ) መታጠቢያውን አሲድነት የሚለካው ፒኤች ሜትር፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ፒኤች ሜትርና የጋዝ መለኪያው በአንድ የካሊብሬሽን መዝገብ ሊያዙ ይችላሉ። በአንጻሩ ደረጃውን ያልጠበቀ ምርት አያያዝ (9001፣ 8.7)፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ልየታ (14001፣ 6.1.2)፣ የሥራ ላይ አደጋ ምንጭ ልየታ (45001፣ 6.1.2) እና የሠራተኞች ምክክርና ተሳትፎ (45001፣ 5.4) የየራሳቸው ጥያቄ ስላላቸው አሠራራቸው ለብቻው ተለይቶ ይቆይ። ሁሉንም አዋሕዳለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጥለው የመጨረሻውን ነው፤ 9001 እንዲህ ያለ አንቀጽ ስለሌለው ከእሱ የተነሣ ሠንጠረዥ ክፍተቱን አያሳይም።

እርምጃ 3፦ የሥራ ሂደቱን በእግር ተከተሉ

ቡድኑ ከጥሬ ቆዳ መረከቢያ ተነሥቶ በነከራ፣ በኖራ፣ ሥጋ በመላጨት፣ ኖራ በማስወጣት፣ በፒክልና በክሮም አልፎ እስከ ዌት ብሉ መጋዘን ድረስ ይጓዝ። በየጣቢያው አራት ነገር ጻፉ፦ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ የሚተነው ወይም የሚፈሰው፣ እንዲሁም ሰው እጁን ወይም ጭንቅላቱን የሚያስገባበት ቦታ። የሌሊት ፈረቃውንም እዩ፤ ቀን ላይ አለቃ ባለበት የሚሠራው ሥራና ሌሊት የሚሠራው አንድ ላይሆን ይችላል።

ይህ እርምጃ የሚያስፈልገው አሁን ያለው የአሠራር ጽሑፍ የቱ ላይ ከእውነታው እንደሚለይ ካላወቃችሁ የሚቀጥለው ግምገማ የወረቀት ግምገማ ስለሚሆን ነው።

እርምጃ 4፦ አንድ ሠንጠረዥ፣ ሦስት ዓይን

ጊዜያችሁን በብዛት የምታጠፉት እዚህ ላይ ይሁን። ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ ረድፍ ክፈቱ፤ በረድፉ ላይ ግን ጥራት፣ አካባቢና ደኅንነት የየራሳቸው ዓምድና የየራሳቸው ነጥብ ይኑራቸው።

የኖራ ድራሙን ውሰዱ። እዚያ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ጸጉሩን ያወርዳሉ፤ ውኃው ፒኤቹ 12 አካባቢ የሆነ ብርቱ አልካሊ ነው። ጥራት የሚጠይቀው ጸጉሩ ከሥሩ መውጣቱንና የቆዳው ፊት አለመጎዳቱን ነው። አካባቢ የሚጠይቀው በፍሳሹ ውስጥ ያለው ሰልፋይድ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ደኅንነት ደግሞ ይህ ፍሳሽ ከምን ጋር እንደሚገናኝ ይጠይቃል፤ ከፒክል ወይም ከክሮም ድራም ከሚወጣው አሲዳማ ፍሳሽ ጋር በአንድ ቦይ ከተገናኘ ፒኤቹ ይወርድና ሰልፋይዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ሆኖ ይወጣልና። ኖራ በሚወጣበት ጊዜም በቆዳው ውስጥ የቀረው ሰልፋይድ በዚያው በድራሙ ውስጥ ጋዝ ሊሆን ስለሚችል የድራሙን በር የሚከፍተው ሠራተኛ ፊቱን ለጋዙ ያጋልጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር የከበደ በመሆኑ በጉድጓድና በቦይ ውስጥ ይጠራቀማል። በትንሽ መጠን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን የማሽተት አቅምን ስለሚያደነዝዝ «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ መግባት ለሞት ይዳርጋል። የወደቀ ባልደረባን ለማውጣት ያለ አየር መተንፈሻ መሣሪያ ተከትሎ መግባት የሟቾችን ቁጥር ይጨምራል። የአቧራ ማስክ ከዚህ ጋዝ አይከላከልም።

ሦስቱን ነጥቦች ደምራችሁ አንድ አማካይ አታውጡ። የጥራት ነጥቡ ዝቅተኛ፣ የአካባቢው መካከለኛ፣ የደኅንነቱ እጅግ ከፍተኛ የሆነ ተግባር አማካዩ «መካከለኛ» ይወጣና ሰው የሚገድለው አደጋ በሰንጠረዡ መሐል ይደበቃል። ቅድሚያውን የሚወስነው ከሦስቱ ከፍተኛው ነጥብ ይሁን።

መፍትሔውን ስትመርጡ የ45001 አንቀጽ 8.1.2 ያስቀመጠውን ቅደም ተከተል ጠብቁ፦ ማስወገድ፣ በሌላ መተካት፣ የምህንድስና መፍትሔ፣ አስተዳደራዊ ቁጥጥር፣ በመጨረሻ የግል መከላከያ። በምሳሌያችን የኖራውን ፍሳሽና የአሲዱን ፍሳሽ በተለያየ መስመር መውሰድ የምህንድስና መፍትሔ ነው። የኖራው ፍሳሽ ለብቻው በማንጋኒዝ ሰልፌት አጋዥነት አየር እየተነፋበት ሰልፋይዱ ከተቃጠለ (ማለትም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ከተዋሐደ) በኋላ ብቻ ከሌላው ይቀላቀላል፤ የክሮሙም ፍሳሽ ለብቻው ሲሰበሰብ ክሮሙን አዝቅጦ መልሶ መጠቀም ይቻላል። አንድ የቧንቧ ሥራ ለሁለት ሥርዓቶች መልስ ሰጠ ማለት ነው። የማዋሃድን ጥቅም ለሥራ አስኪያጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ጥቅሞቹ የሚጋጩበት ጊዜም አለ። ጥራት ኖራው በደንብ እንዲታጠብ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ አካባቢ ውኃው እንዲቀነስ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ግጭት በሠንጠረዡ ላይ በግልጽ ጻፉና ማን እንደሚወስን ስሙን አስቀምጡ፤ ካልተጻፈ በየፈረቃው የሚወስነው ፎርማኑ ይሆናል።

እርምጃ 5፦ የሕግ ግዴታዎችን መዝገብ አዘጋጁ

በኢትዮጵያ ላለ ፋብሪካ ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና አደገኛ ቆሻሻን ከሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ጀምሩ፤ የተሻሻለ ወይም የተተካ ካለ አጣርታችሁ በመዝገቡ ላይ አስፍሩ። የአዋጅ ስም ብቻ መደርደር ግን አይበቃም። ለምሳሌ የአዋጅ 1156 አንቀጽ 92 አሠሪው የደኅንነት ኃላፊ እንዲመድብ፣ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ አደጋዎችን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። በመዝገባችሁ ላይ ከዚህ አንቀጽ ጎን የኃላፊው የምደባ ደብዳቤ ቁጥር፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ የሚገኝበት ፋይልና መጨረሻ የተረጋገጠበት ቀን ይታይ። 14001 እና 45001 (ሁለቱም በ9.1.2) መዝገቡን ብቻ ሳይሆን ግዴታውን ማክበራችሁን መገምገማችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ።

እርምጃ 6፦ ፖሊሲና ግቦች

አንድ ገጽ የማትሞላ አንድ ፖሊሲ በቂ ናት። ደንበኛ የሚጠይቀውን ማሟላት፣ ብክለትን መከላከል፣ የሕግ ግዴታን ማክበር፣ አደጋን ማስወገድ፣ ሠራተኛን ማማከርና ማሳተፍ፣ ያለማቋረጥ መሻሻል የሚሉት ሁሉ በውስጧ መኖራቸውን አረጋግጡ። ግቦቹ ከእርምጃ 4 ከፍተኛ ነጥቦች ይነሡ፤ ቁጥር፣ ቀነ ገደብና ባለቤት ይኑራቸው።

እርምጃ 7፦ አንድ የሥራ ቦታ፣ አንድ መመሪያ

በድራሙ አጠገብ የሚለጠፈው መመሪያ አንድ ብቻ ይሁን። የጥራት ክፍል አንድ፣ የደኅንነት ክፍል ሌላ፣ የአካባቢ ክፍል ሦስተኛ ወረቀት ከለጠፉ ሠራተኛው አንዱንም አያነብም። በሠራተኛው ቋንቋ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከተቻለም በሥዕል አዘጋጁት።

የመብራት መጥፋትን እንደ መፈተኛ ውሰዱ። መብራት ሲጠፋ ድራሙ ይቆማል፣ ጋዝ የሚስበው ማራገቢያ ይቆማል፣ ሰልፋይዱን የሚያቃጥለው የአየር ነፊም ይቆማል። ጄኔሬተሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የማይችል ከሆነ በቅድሚያ የሚነሣው የትኛው ነው? መመሪያ በሌለበት ፋብሪካ መጀመሪያ የሚነሣው ድራሙ ነው፤ ቆዳው በቆመ ድራም ውስጥ ተቆልሎ ከቆየ ኬሚካሉ እኩል ስለማይደርሰውና ፎርማኑ የሚጠየቀው በምርቱ ስለሆነ ነው። የተቀናጀ መመሪያ ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፦

1. ማንም የድራም በር አይክፈት፤ ማንኛውም ድራም ወደ ቦይ አይለቀቅ።
2. ጄኔሬተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ማራገቢያውና የጋዝ ማስጠንቀቂያው ይያዙ።
3. ቀጥሎ ድራሞቹ በየተራ ይዙሩ፤ የቆሙበት ደቂቃ በሎቱ (በአንድ ጊዜ አብሮ በሚሠራው የቆዳ ምድብ) ካርድ ላይ ይመዝገብ።
4. የአየር ነፊው እስኪነሣ ድረስ ከኖራው ገንዳ ወደ መቀላቀያው ምንም አይተላለፍ።
5. ከኖራ በወጣው ሎት ላይ የጥራት ክፍል ተጨማሪ ምርመራ ያድርግ።

ቅደም ተከተሉን ከጥገና ክፍል ጋር ሆናችሁ በጄኔሬተራችሁ አቅም ልክ አስተካክሉት፤ አንደኛውን ተራ ግን ለድርድር አታቅርቡ። 9001 ስለ ድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት ራሱን የቻለ አንቀጽ የለውም፤ 14001 እና 45001 ግን በ8.2 ላይ አላቸው። በሁለቱ የተጻፈውን ዕቅድ በምርት ጥራት ማሟላት እንዲህ ነው። መመሪያው ከተጻፈ በኋላ በሌሊት ፈረቃ ጭምር ልምምድ አድርጉበት።

እርምጃ 8፦ ለውጥን፣ ግዥንና ተቋራጭን በአንድ በር አስገቡ

አዲስ ኬሚካል፣ አዲስ አቅራቢ ወይም የፎርሙላ ለውጥ ሲመጣ ሦስቱም ወገኖች የሚፈርሙበት አንድ የለውጥ ቅጽ ይኑር። ሰልፋይድን በከፊል በኢንዛይም ለመተካት ብታስቡ ለደኅንነትና ለፍሳሽ መልካም ነው፤ የቆዳው ፊት ግን በሙከራ ሎት ሳይታይ መጽደቅ የለበትም። የደኅንነት መረጃ ቅጽ ያልቀረበለትን ኬሚካል የግዥ ክፍል እንዳያዝዝ፣ መጋዘንም እንዳይረከብ ይደረግ። ጉድጓድ ለማጽዳት የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ቢሆን እንኳ ጋዝ ተለክቶ፣ የሥራ ፈቃድ ተጽፎ፣ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ተመድቦ ካልሆነ አይግባ።

እርምጃ 9፦ ሠራተኛውን አማክሩ፣ አሠልጥኑ

የደኅንነት ኮሚቴውን በእርምጃ 4 ላይ አስቀምጡት እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ አጨብጫቢ አታድርጉት። ካይዘንን (በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የመሻሻል የጃፓን ዘዴ) የሞከረ ፋብሪካ ከሆናችሁ የልማት ቡድኖቹ በሳምንቱ ስብሰባቸው የደኅንነትና የፍሳሽ ነጥብ እንዲጨምሩ አድርጉ፤ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም የሚሠራውን መጠቀም ይሻላል። ሥልጠናውን በፈተና ወረቀት ብቻ አትመዝኑት፦ ኦፕሬተሩ ድራሙ አጠገብ ቆሞ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ ያሳያችሁ።

እርምጃ 10፦ አንድ የችግር መመዝገቢያ ቅጽ

የደንበኛ ቅሬታ፣ የኬሚካል መፍሰስ፣ አደጋና ለጥቂት የተረፈ አደጋ ሁሉ በአንድ ቅጽ ይመዝገቡ፤ ምርመራው ግን እንደ ክብደቱ ይለያይ። የዚህ ጥቅም የጋራ መንሥኤ መታየቱ ነው። የተበላሸ ሎት፣ ከገደብ ያለፈ የክሮም ውጤትና የእጅ ቃጠሎ በአንድ ሳምንት ከተመዘገቡ ሦስቱም ከአንድ የተበላሸ ሚዛን ወይም ካልሠለጠነ ተተኪ ኦፕሬተር ሊመጡ ይችላሉ። ቅጹ ላይ «የሠራተኛ ቸልተኝነት» የሚል የምርጫ ሣጥን አታስገቡ፤ ካስገባችሁ ሁሉም እሱን ሞልቶ ይሄዳል።

እርምጃ 11፦ የውስጥ ኦዲትና የአመራር ግምገማ

ኦዲተሩ አንቀጽ በአንቀጽ ከመሄድ ይልቅ አንድ የሎት ቁጥር መርጦ ወደ ኋላ ይከተል፦ የዚያ ሎት የኬሚካል መመዘኛ ወረቀት የት አለ? የመዘነው ሰው ሥልጠና ወስዷል? ጓንትና መነጽር ተሰጥቶታል? በዚያ ቀን የፍሳሹ ውጤት ስንት ነበር? ፒኤች ሜትሩ መቼ ተካሊበረ? በግማሽ ቀን ውስጥ ሦስቱም ደረጃዎች ይፈተሻሉ። ኦዲተር የራሱን ሥራ አይፈትሽ። የአመራር ግምገማውም አንድ ስብሰባ ይሁን፤ ነገር ግን የደኅንነትና የአካባቢ ነጥቦች ከሽያጭ ሪፖርቱ በፊት ይቅረቡ። መጨረሻ ላይ የተቀመጠ አጀንዳ ሰዓት አልቆበት ይታለፋል።

እርምጃ 12፦ የሰርተፊኬት ኦዲት

ሰርተፊኬት ሰጪው ለሦስቱም ደረጃዎችና ለእናንተ የሥራ ዘርፍ አክሬዲቴሽን (ሰርተፊኬት ለመስጠት ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ዕውቅና) እንዳለው በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለ9001 ብቻ ያለው ሊሆን ይችላል። ኦዲቱ በሁለት ምዕራፍ ይካሄዳል፦ በመጀመሪያው ዝግጁነታችሁ፣ በሁለተኛው ትግበራችሁ ይታያል። ሰርተፊኬቱ ለሦስት ዓመት ሲሆን በየዓመቱ የክትትል ኦዲት አለው። ሥርዓቱ በእርግጥ የተቀናጀ ከሆነ የኦዲቱ ቀናት ሊቀነሱላችሁ ይችላሉ፤ ቅነሳው ግን በዓለም አቀፉ የአክሬዲቴሽን ፎረም ሕግ ከ20 በመቶ አይበልጥም። ወጪው በግማሽ ይወርዳል ብላችሁ በጀት አትያዙ።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

የሌላ ፋብሪካን ማኑዋል ገልብጦ ስሙን መቀየር ከሁሉም ይበዛል። የ2015ቱ 9001 የጥራት ማኑዋል እንኳ ግዴታ አላደረገም፤ ስለዚህ የማይነበብ ወፍራም መጽሐፍ ለማዘጋጀት የሚጠፋው ጊዜ ለእርምጃ 4 ቢውል ይበጃል።

ሁለተኛው፣ የጥራት ኃላፊውን ያለ ሥልጠናና ያለ ረዳት የአካባቢና የደኅንነት ኃላፊ አድርጎ መሾም ነው። ሥርዓቱ አንድ ይሆናል እንጂ ሙያው ሦስት ነው፤ ጋዝ መለካት የማያውቅ ሰው የጉድጓድ መግቢያ ፈቃድ መፈረም የለበትም።

ሦስተኛው፣ «ዜሮ አደጋ» ለመዘገበ ክፍል ጉርሻ መስጠት ነው፤ አደጋው አይቀንስም፣ መዝገቡ ይደርቃል። ሽልማት መስጠት ካስፈለገ ለጥቂት የተረፈ አደጋን ላስመዘገበና ላስተካከለ ቡድን ስጡ።

አራተኛው ቀላል ይመስላል፦ አዲሱ የተቀናጀ መመሪያ ሲለጠፍ አሮጌዎቹን ሦስት ወረቀቶች አለማንሣት። ለሰነድ ቁጥጥር የተመደበው ሰው አዲሱን በሚለጥፍበት ቀን አሮጌዎቹን ከግድግዳው፣ ከፎርማኑ መሳቢያና ከጥገና ክፍሉ ፋይል ሰብስቦ በዝርዝሩ ላይ ይፈርም።